ሆድ ይፍጀው ስትሉ ቀኑ አለፈ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

እኛ እኮ ሙግት የምናውቅ ሕዝብ ነበርን። ድሮ መንገድ ላይ የተጣላ ሰው ያገኘውን መንገደኛ አስቁሞ «ዳኘኝ» ይል ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል አገር ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ ከሥራ ስንባረር፣ የተበላሸ ዕቃ ሲሸጥልን፣ አፋችን ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «ሆድ ይፍጀው»።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠርቷል። አንድ ማታ ሥራ አስኪያጁ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። ደብዳቤ የለም፣ ምክንያት የለም። ምን አደረገ? ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው ተመለሱ። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን ብለዋል» አሉት። በዓሉ አለፈ። ሌላ በዓል መጣ። በአምስተኛው ወር ሲመረው ፍርድ ቤት ሄደ።

የሆቴሉ ነገረ ፈጅ ብዙ አልደከመም። መልሱን የጀመረው በመቃወሚያ ነው። «ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በይርጋ ይታገዳል።» ይርጋ ማለት ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው፤ ካለፈ ክሱ አይሰማም። ታገደም። ሰውዬው ትክክል ነበር፣ ተበድሏልም፤ ግን ማንም ስለ በደሉ አልጠየቀውም። የተጠየቀው ስለ ቀን ነው።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ጽፎታል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ከሥራ ስንብት ጋር የሚመጣ ክፍያ ደግሞ 6 ወር አላቸው። ሰውዬው የማስጠንቀቂያውንና የስንብቱን ገንዘብ ያዳነው አንድ ወር ሲቀረው ነው። ቢያንስ እሱን አገኘ።

ሽምግልና ይቅር እያልኩ አይደለም። ሽማግሌ መላክ ነውር የለውም፤ እኔም እልካለሁ። ነገር ግን «እናየዋለን» ይርጋ አያቋርጥም። ይርጋን የሚያቋርጠው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ ነው፤ ወይም አሠሪው ያለባችሁን በጽሑፍ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ቡናውን ይጠጣ፣ ማመልከቻው ግን መዝገብ ቤት ይግባ።

«ፍርድ ቤት ገንዘብ ይበላል» ትላላችሁ። የሥራ ክርክር የሚያቀርብ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ሲንጓተት አይቼ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም የተንጓተተ መዝገብ ካልተከፈተ መዝገብ ይሻላል።

«ውል የለኝም» ትላላችሁ ደግሞ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት ያለበት አሠሪው ነው። ባይሰጥ መብታችሁ አይቀርም። መሥራታችሁን ግን ማስረዳት አለባችሁ። ታዲያ ባጁን ለምን ትጥሉታላችሁ? ደመወዝ የገባበትን የባንክ ወረቀት፣ አለቃችሁ «ዛሬ ማታ ግባ» ብሎ የላከላችሁን የቴሌግራም መልእክት ለምን ታጠፋላችሁ?

ክሊራንስ ላይ፣ ማለትም ከሥራ ስትለቁ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ስትደርሱ ደግሞ እጃችሁ ይቸኩላል። የመጨረሻዋን ደመወዝ ለመቀበል «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። ገንዘቡ እኮ ችሮታ አይደለም። ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈላችሁ ይገባል፤ አሠሪው ቢያዘገየው እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ሊያስቀጣው ይችላል። የምትፈርሙ ከሆነ «ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ ጻፉ። አምስት ሰኮንድ አይፈጅም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የምስክር ነገር ነው። አብሮ የበላ፣ አብሮ የሠራ፣ ሲባረር በዓይኑ ያየ ሰው ችሎት ሲጠራ «እኔ የለሁበትም» ይላል። እንጀራዬ ነው ይላል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ። ግን ወጥ ሠሪው ሦስት ጓደኞች ቆጥሮ ሄዶ የመጣለት አንድ ብቻ ነው። እሱም የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው እሱ ነው።

እናንተም ሠራተኞች ንጹሕ አይደላችሁም። ሌላ ሥራ ሲገኝ ስልክ አጥፍቶ መጥፋት ምን የሚሉት ነው? በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ከሄደ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ማርፈድም እንደ ቀልድ አይታይም፤ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሰው ያለማስጠንቀቂያ ሊባረር ይችላል። አሠሪውም ልብ ይበል፤ «በጽሑፍ» ነው የተባለው። ኮሪደር ላይ መጮኽ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ቃል ገብቻለሁና። መርካቶ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ሁለት ዋጋ ነገረኝ። እኔ ሕግ አውቃለሁ የምለው ሰው 15 በመቶዋን ቫት ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ አልኩ። ምጣዱ በሦስተኛው ቀን አንድ ጎኑ መጋሉን ተወ። እንጀራው ግማሹ በሰለ፣ ግማሹ ሊጥ ሆነ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ይህን አይሽረውም። ይህን ሁሉ እያውጠነጠንኩ ምጣዱን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባለሱቁ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ ከኔ ነው የገዛኸው?» አለኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። ምጣዱ እስካሁን አልጋ ሥር አለ፤ ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎትታ ታሳያለች።