አሸማጋይ ለመሆን የግድ አምባሳደር መሆን የለብህም

ወንድሜ፣ «ዓለም አቀፍ ሽምግልና የአምባሳደርና የሕግ ምሩቅ እንጀራ ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሞዛምቢክን እይ። እርስ በርስ ሲዋጉ የነበሩት ገዢው ፓርቲ ፍሬሊሞና አማፂው ሬናሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1990 ጀምሮ ሮም ላይ ሲደራደሩ ያስተናገዳቸው ሳንት ኤጂዲዮ ነው፤ በ1968 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመሩት የካቶሊክ ማኅበር። ከአራቱ አሸማጋዮች አንዱ የታሪክ ምሁር (አንድሬያ ሪካርዲ)፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ የቤይራ (የሞዛምቢክ ከተማ) ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ ፖለቲከኛው አንድ ብቻ ነው። ማኅበሩ ከዚያ በፊት ለአገሪቱ እርዳታ ሲልክ ስለኖረ ሰዎቹን ያውቃቸው ነበር፣ እኔ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ሁለቱ ወገኖች ኦክቶበር 4 ቀን 1992 የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ዲፕሎማት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ተኩስ አቁሙን የተከታተለው የተመድ ተልዕኮ ነው።