የጋሼ ኪስ

ባለፈው እሑድ ከመልካ ቁንጡሬ የቅርስ ቦታ ስንመለስ አውቶቡሱ ጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ የላላ ብሎን መስሎኝ ነበር። ሾፌሩም እንደኔ መስሎት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አይቷል። ዓለም ገና ስንደርስ ነው የገባኝ። ድምፁ የሚወጣው አጠገቤ ከተቀመጡት ሽማግሌ የኮት ኪስ ነው።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምንም። ትንሽ ነገር ናት። ለማስታወሻ።»

«ስንት ናት ትንሿ ነገር?»

እጃቸውን ከተው በዳበሳ ቆጠሩ። «ሰባት።»

እኚህ ሰው የማኅበራችን ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ማይክሮፎን ጨብጠው «ቅርስ የትውልድ አደራ ነው» ያሉን እሳቸው ናቸው። አጨብጭበናል። እኔማ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። መቀመጫ አላገኘሁም ነበር።

ስለ ማኅበሩ ትንሽ ልበል። የሰፈር የቅርስ ወዳጆች ነን። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ እሑድ እሑድ ቤት መዋል የማይወዱ አንድ እናት፣ እና እኔ። ስመዘገብ ብሩሽ ይዤ ጉድጓድ ውስጥ የምንበረከክ መስሎኝ ነበር። ሁለት ጉርድ ፎቶና የመመዝገቢያ ክፍያ ተቀበሉኝ። ይኸው ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ አካፋ አፈር አላነሳሁም። የመጀመሪያው ወር በቲሸርት ቀለም ክርክር አለቀ። ቀጥሎ የማኅተም ጉዳይ መጣ። ማኅተሙ ላይ ድንቅነሽ ትሁን ወይስ የአክሱም ሐውልት? ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ሁለቱም ይሁኑ ተባለና ማኅተሙ ሲረግጥ የቀለም ጠብታ ብቻ ይታያል።

መቆፈሩስ? መቆፈር አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንኳ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። ደግ ሕግ ነው፤ ቅር አላለኝም። ግን የማይቆፍር የቁፋሮ ማኅበር ምን ይባላል? ቃለ ጉባኤ አለን፣ የመቅረት ቅጣት አለን፣ ገንዘብ ያዥ አለን። ዕድር ነው እንዳልል የሞተብን ሰው የለም። ካለም ከሞተ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ሊሆነው ነው።

መልካ ቁንጡሬን ያየ ይህን አይቀልድበትም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር ነው። እዚያ ሰው ወይም የሰው ዘመድ ድንጋይ መጥረብ ከጀመረ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። 700 ሺህ ዓመት ያለፈው የልጆች ዱካ እንኳ ጭቃ ላይ ተገኝቷል። አስጎብኚያችን አንዱን ባልጩት በሌላ ድንጋይ መታ አደረገና ስንጣሪውን አነሳ። ከዚያ የመግቢያ ደረሰኜን ተቀብሎ ለሁለት ቀደደው። ምላጭ ነው። ጠርዙን ወደ ፀሐይ ሲያዞረው እንደ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል። ደረሰኙን ግን አልመለሰልኝም፤ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይቀበልም።

ቦታውን ያገኘው ማን ነው? ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1963። ስለ ውሃ ሊያጠና የሄደ ሰው ድንጋይ አገኘ። ይህን ስሰማ አያቴ ትዝ አሉኝ። ሳጥናቸውን በከፈትኩ ቁጥር «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይሉኝ ነበር። ጥሬ ስትፈልግ መታረጃዋን አገኘች ማለት ነው። ከተረት ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለዶሮዋ ነው። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ካራውን ማን ቀበረው? ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነበር? አጠገቡስ ምን ነበር? አያቴን ጠይቄያቸው «ሳጥኑን ዝጋ» ብለውኛል።

ለነገሩ አዲስ አበባ ውስጥ ጉድጓድ ለማየት ማኅበር መግባት አያስፈልግም። የኛ ሰፈር መንገድ ባንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቆፍሯል። መጀመሪያ የቧንቧዎቹ መጡ። ቆፈሩ፣ ቀበሩ፣ ደለደሉ። አስፋልቱ ሳይደርቅ የኬብሎቹ መጡ። ከዚያ የፍሳሾቹ። ሦስቱም የአንድ መንግሥት ልጆች ናቸው፤ ግን አይነጋገሩም፣ ስልክም አይደዋወሉም። የኋለኛው የፊተኛውን ቧንቧ በጥሶት አሥራ አንድ ቀን ውሃ በጀሪካን ቀዳን። የማንንም ፈቃድ ሲጠይቁ አላየሁም። ሊቀ መንበራችን አንዲት ጉድጓድ ለመክፈት ደብዳቤ ይዞ ሲመላለስ፣ እነዚህ ሰፈሩን እንደ ድንች ማሳ ይገለብጡታል!

ይሁን። ቦዩ ዳር ቆሜ ግን ትምህርት አግኝቻለሁ። ላይኛው አስፋልት ነው። ከሥሩ ገረጋንቲ። ከገረጋንቲው ሥር ሌላ አስፋልት፣ የድሮው። ከዚያ ጥቁር አፈር፣ አፈሩ ውስጥ የዛገ ቆርኪና አንድ እግር ኮንጎ ጫማ። የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። አርኪዮሎጂ የሚባለው ሳይንስ ከዚህች ነገር ነው የሚነሳው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቆፋሪው ቀና አለና «ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

የጠፋብኝስ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አጎቴ ጓሮ ድንች ስንቆፍር ማርትሬዛ አገኘሁ። 1780 የሚል ተጽፎበታል። ያኔ ማርትሬዛ ሁሉ፣ ኋላ የተመታውም ጭምር፣ 1780 እንደሚል አላውቅም ነበርና ዓለምን ያገኘሁ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የታሪክ አስተማሪያችን አገላብጠው አዩትና «ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው። ስምህ ይጻፍበታል» አሉኝ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ጥር ላይ ጥምቀት ሆነ። የመምህሩ ባለቤት ነጭ ለብሰው ታቦት ሲያጅቡ፣ አንገታቸው ላይ በጥቁር ማተብ አንድ ማርትሬዛ ተንጠልጥሏል። ጠርዙ ላይ የአጎቴ ዶማ የመታው ቦታ ተሰርጉዷል። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ። ብሔራዊ ሙዚየም በገባሁ ቁጥር ግን አሁንም ስሜን እፈልጋለሁ። አያስቅም። በእውነት አያስቅም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ የጋሼ ኪስ።

ቀስ ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ድንጋዩ ከቦታው ከተነሳ ድንጋይ ብቻ ነው። የት እንደተኛ፣ ከማን ጎን እንደተኛ ነው ቁም ነገሩ። ደግሞ መልካ ቁንጡሬና ጎረቤቱ ባልጪት ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በ2016 ሐምሌ ነው። ገና ከመግባታቸው በኪስ እናስወጣቸው?»

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ባልጪት እኮ ስሙ ራሱ ባልጩት ነው። አገሩ ሁሉ ባልጩት ነው! ሰባት ቢጎድል ማን ያውቃል? እኔ ራሴ በባልጩት ነው የተገረዝኩት።»

ለዚህ ምን ይመለሳል? በዚያ ላይ ስለ መሬቱ ውሸት አልተናገሩም፤ ባልጩቱ በየእግርህ ሥር ይንኮሻኮሻል። አርባ ሰው ሰባት ሰባት ቢያነሳ ስንት እንደሚሆን ላሰላላቸው ስል አውቶቡሱ ነጠረ። ቀጭ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሐዳር ላይ ተኝታ ማንም ኪሱ አልከተታትም። ጋሼ በዚያ አላለፉም እንጂ።

የሚቀጥለው ጉዞ ጢያ ነው። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ደግነቱ ኪስ አይገቡም ብዬ ተጽናናሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን የአክሱሙ ትዝ አለኝ። 24 ሜትር ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም አድርሰውት፣ ለመመለስ እስከ 2005 ፈጅቷል።

ጋሼ ለጢያ ጉዞ ሁለት ሰው ወንበር ይያዝልኝ ብለዋል። የሚመጡት ብቻቸውን ነው።