«እኛ» የምንለው መቼ መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት ከቤተክርስቲያን ጓደኛዬ ጋር ሆነን አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ያለውን የሊንቺንግ መታሰቢያ ሄደን አየን። ሊንቺንግ ማለት ያው የደቦ ፍርድ የምንለው ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ያለ ዳኛ ያለ ምስክር ሰው ሲገድል፣ ብቻ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አስርት ዓመታት በአብዛኛው የሚገደለው ጥቁር፣ የሚገድለው ነጭ ሆኖ ነው የኖረው። መታሰቢያው በ2018 ነው የተከፈተው (እዚህ የምጽፋቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ1877 እስከ 1950 ባለው ጊዜ የተገደሉ ከ4,400 በላይ ሰዎች ይታሰቡበታል። ስትገባ የሰው ቁመት የሚያክሉ ዝገት የመሰሉ ብረቶች ፊት ለፊትህ ቆመው ታገኛቸዋለህ፣ ከ800 ይበልጣሉ፣ አንዱ ብረት ለአንድ ካውንቲ ነው፣ ካውንቲ ማለት እንደኛ ወረዳ ያለ ነው፣ በላዩ ላይ ስምና ቀን ተቀርጾበታል፣ አንዳንዱ ጋ ስም እንኳን የለም፣ «ያልታወቀ» ብቻ ይላል። መጀመሪያ ከዓይንህ ትክክል ናቸው፣ እየተራመድክ ስትሄድ ወለሉ ቁልቁል ይወርዳል ብረቶቹ ግን ጣራው ላይ እንደተንጠለጠሉ እዛው ይቀራሉ፣ ሳታስበው አንጋጠህ ነው የምታያቸው፣ ከተሰቀለ ሰው እግር ስር የቆምክ ነው የሚመስልህ። እኔ እዛ ጋ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ወንድሜ በጣም ያሳዝናል፣ ግን እኛን ምን ያገባናል?» አለኝ። እኛ እዚህ አገር ትናንት የመጣን ሰዎች ነን፣ ቆዳችንም ቢሆን የሟቾቹ እንጂ የገዳዮቹ አይደለም፣ ደግሞ ኃጢአት የግል ነው አለና ሕዝቅኤል 18ን ጠቀሰልኝ፣ «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» የሚለውን። ክፋት ኖሮት አይደለም እንደዛ ያለው፣ ከልቡ ነው፣ እኔም በሰዓቱ መልስ አልነበረኝም። ይሄው አንድ ዓመት ሙሉ ሳብሰለስለው ቆየሁ።

በመጀመሪያ እውነቱን ልስጠው። ጅምላ ጥፋተኝነት የሚባለውን ነገር እኔም እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም የገዳዮቹ የራሳቸው አስተሳሰብ እሱ ነበር። ተልሳን እንውሰድ። ግንቦት 1921፣ ኦክላሆማ፣ ዲክ ሮውላንድ የሚባል የ19 ዓመት ጫማ ጠራጊ ሊፍት ውስጥ አንዲት ነጭ ልጅ ላይ እጁን አነሳ ተብሎ ተያዘ። በተያዘበት ቀን ማታ ሊሰቅሉት የፈለጉ ነጮች ፍርድ ቤቱን ከበቡት፣ ልጁን እንጠብቃለን ያሉ ጥቁሮች መጡ፣ አንዳንዶቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ከዛ በኋላ እስከ ሰኔ 1 ድረስ ግሪንዉድ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር 35 ብሎክ ተቃጠለ። የሞተው ሰው እስከ 300 ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ማውንት ዛዮን የሚባለው ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ከተመረቀ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር፣ እሱም ነደደ። የልጁ ክስ ደግሞ በኋላ ተቋረጠ! አንድ ሰው ላይ በቀረበ ያልተጣራ ክስ አንድ ሰፈር ሙሉ ተቀጣ። እንግዲህ ጅምላ ጥፋተኝነት ማለት እጅ ሲያወጣ ይሄ ነው።

ክርስቲያኖችስ ብንሆን ይሄን ነገር መቼ አጣነውና። ማቴዎስ 27 ላይ ሕዝቡ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» አለ ተብሎ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ አይሁድን በጅምላ ስናሳድድ ኖረናል፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን እንኳን ይሄ ነገር ያኔ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይም ሆነ ዛሬ ባሉት ላይ ሊጫን አይችልም ብላ በጉባኤ ያወጀችው በ1965 ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ የነጭ ልጅ ሁሉ ገዳይ ነው ቢለኝ ሕዝቅኤልን ይዤ እኔው ነኝ ቀድሜ የምቃወመው።

ግን ጓደኛዬ ያላየው ነገር አለ፣ እኔም ያን ቀን አላየሁትም ነበር። እሱ ሲቆጥር በቆዳ ነው የቆጠረው። ገዳዮቹን ከኔ ጋር የሚያያይዛቸው ግን ቆዳ አይደለም፣ ጥምቀት ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 1899 ኒውናን፣ ጆርጂያ ውስጥ ሳም ሆዝ የሚባል ሰው በሕይወት እያለ አቃጠሉት። የተደረገበትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፣ ቀኑ ግን እሁድ ነበር። ከአትላንታ ሰው ለማየት እንዲመጣ ልዩ ባቡር ተዘጋጀ፣ ወደ 2,000 ሰው ተሰበሰበ። እስቲ አስቡት፣ እሁድ ቀን በዛ አገር ከባቡሩ የወረደው ሰው የሰንበት ልብሱን ነው የለበሰው፣ ብዙው ያን ጠዋት ወይ የዛ በፊተኛው እሁድ እኔ የምዘምረውን መዝሙር ዘምሯል፣ አባታችን ሆይ ብሏል፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብሏል። ያቺን ነገር ማሰብ አልፈልግም ግን ማሰብ አለብኝ፣ እነዛ ሰዎች የኔ ቤተክርስቲያን ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ። እኛ የምንለው መቼ መቼ ነው? ስለ ሰማዕታት ሲወራ ሰማዕቶቻችን እንላለን፣ ሆስፒታል የከፈትነው እኛ፣ ባሪያ ንግድ እንዲቆም የታገልነው እኛ፣ ዊልበርፎርስ እኮ የኛ ሰው ነው እንላለን፣ በ1807 እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ ስትከለክል እኔም ሆንኩ ጓደኛዬ እዛ አልነበርንም። ክብሩ ላይ ሁለት መቶ ዓመት ተሻግረን እኛ እንላለን፣ ነውሩ ሲመጣ ግን እነሱ፣ ያኔ፣ እዛ እንላለን። ውርስ ደግሞ እንደዛ አይሰራም፣ ቤቱን ወስጄ እዳውን አልወስድም የሚል ወራሽ የትም አገር የለም።

በ1845 የደቡብ ባፕቲስቶች ማኅበር ሲመሠረት ከሰሜኖቹ የተገነጠለበት ዋናው ምክንያት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ መሆን ይችላል ወይ የሚል ክርክር ነው፣ ይችላል ያሉት ናቸው የወጡት። ጥቁር በካም እርግማን ባሪያ እንዲሆን የተረገመ ነው እያሉ ይሰብኩ ነበር፣ ዘፍጥረት 9 ላይ የተረገመው ግን ካም ሳይሆን ከነዓን መሆኑን ማንም ማንበብ የሚችል ሰው ያየዋል። ይሄው ማኅበር በ1995፣ ልክ በ150 ዓመቱ፣ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ያኔ ብዙ ሰው እኛ ባሪያ ኖሮን አያውቅም ለምንድነው ይቅርታ የምንጠይቀው ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ግን የማኅበሩን ስም፣ ገንዘቡን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሕንፃውን ሁሉ ወርሰው ቁጭ ብለው የመሥራቾቹ ነገር አይመለከተንም ማለት እንዴት ይቻላል?

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሕዝቅኤል ብቻ አይደለም ያለው። ዳንኤል 9ን አንብቡት፣ ዳንኤል በምርኮ የተወሰደው ልጅ ሆኖ ነው፣ ጣዖት አላመለከም፣ ነቢያትን አልገደለም፣ ሲጸልይ ግን «ኃጢአትን ሠርተናል» ነው የሚለው፣ ሠርተዋል አላለም። ነህምያም እንደዛው፣ «እኔም የአባቴም ቤት በድለናል» ይላል። እኛስ ቅዳሴ ላይ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ስንል መሐረነ ማለት ማረን ነው፣ ማረኝ አይደለም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬ አንዴም ልብ ብዬው አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዘዳግም 21 ነው። ሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ይገኛል፣ ማን እንደገደለው አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ፣ ቅርብ የሆነችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ይዘው ይወጣሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ «እጆቻችን ይህን ደም አላፈሰሱም፣ ዓይኖቻችንም አላዩም» ይላሉ። እዚህ ድረስ እንደ ጓደኛዬ ነው፣ እኔ አልነበርኩም። ግን አያቆሙም! ቀጥለው ጌታ ሆይ ሕዝብህን ይቅር በል ይላሉ። ያልገደለ ሰው፣ ያላየ ሰው፣ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ወጥቶ ይቆማል፣ ይለካል፣ ስለ ደሙ ይጸልያል።

አሁን ይሄንን ከአሜሪካው ጋር አስተያዩት። ሰው በደቦ ከተገደለ በኋላ መርማሪው የሚጽፈው የታወቀች አረፍተ ነገር ነበረች፣ «ባልታወቁ ሰዎች እጅ ሞተ»። የዛኑ ቀን የተነሳው ፎቶ ደግሞ ፖስትካርድ ሆኖ ይሸጣል፣ ፎቶው ላይ «ያልታወቁት» ሰዎች ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ፣ ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ። ከተማው በሙሉ ያውቃቸዋል፣ ዳቦ የሚሸጥላቸው ሰው ያውቃቸዋል፣ ፓስተሩ ያውቃቸዋል። ዘዳግም የማይታወቀውን ገዳይ ደም በላያችን ነው የሚል ከተማ ይፈልጋል፣ እነዚህ የሚያውቁትን ገዳይ አናውቅም ያሉ ከተሞች ናቸው።

የሳኦል ነገርም አለ፣ 2ኛ ሳሙኤል 21፣ እሱን ሳነብ አሁንም ይከብደኛል። ሳኦል ገባዖናውያንን ጨፍጭፏል፣ እሱ ከሞተ በኋላ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረሃብ ይሆናል፣ ምክንያቱ የሳኦል ደም ነው ይባላል፣ ከዛ ሰባት የሳኦል ልጆችና የልጅ ልጆች ተላልፈው ይሰጡና ይሰቀላሉ። ሰባቱ ራሳቸው ምን እንዳጠፉ መጽሐፉ አይነግረንም። የሁለቱ እናት ሪጽፋ ማቅ ይዛ ትመጣና ዓለት ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ ድረስ፣ ቀን ወፍ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው ታባርራለች። ዳዊት ይሄን ሰምቶ የተሰቀሉትን አጥንት ከሳኦልና ከዮናታን አጥንት ጋር ሰብስቦ በክብር እንዲቀበር ያደርጋል። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነው ከዚያ በኋላ ነው ይላል፣ ከስቅላቱ በኋላ አላለም፣ ከቀብሩ በኋላ ነው። ያቺ እናት ባትቀመጥ ኖሮ ነገሩ ተረስቶ ነበር።

ሪጽፋን ሳነብ ሜሚ ቲል ትመጣብኛለች። ልጇ ኤሜት 14 ዓመቱ ነው፣ ከቺካጎ ሚሲሲፒ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ነሐሴ 1955 ሁለት ነጮች ገድለው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ሬሳው ሲመጣላት ሳጥኑን ክፈቱት አለች፣ ሰው ሁሉ ልጄን ምን እንዳደረጉት ይይ አለች፣ በብዙ ሺ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ አየው። ገዳዮቹን ሊዳኙ የተቀመጡት ሁሉም ነጭ ወንዶች ናቸው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ነፃ ለቀቋቸው፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ጥቂት ወራት ቆይተው ገንዘብ ተቀብለው አዎ ገድለነዋል ብለው ለመጽሔት ተናገሩ።

እኛ ቤተክርስቲያን አንድ ጊዜ ወጣቶቹ ስለዚህ ነገር ጥያቄ ሲያነሱ ሽማግሌው ፖለቲካ እዚህ አታምጡ ብለው ዘጉት፣ ዋናው ይቅር መባባል ነው አሉ። ይቅርታን አልጠላም፣ በይቅርታ ነው የምኖረው። ግን ይቅር በሉ የሚባለው ሁልጊዜ የተበደለው ወገን ነው፣ እዳ ያለበት ወገን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይቁጠር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ተልሳ ላይ እኮ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ኢንሹራንስ ሲጠይቁ ሁከት ላይ አንከፍልም ተብለው ነው የተመለሱት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሕይወት የቀሩት አሮጊቶች ያቀረቡትን ክስ የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2024 ነው። ጥፋቱ ካጠፋው ሰው ጋር ይቀበራል፣ እዳው ግን አብሮ አልተቀበረም።

የአላባማዋን በርሚንግሃምን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። መስከረም 15 ቀን 1963 እሁድ ጠዋት 16ኛው ጎዳና ባፕቲስት የሚባለው የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ላይ ነጭ ዘረኞች ቦምብ አፈነዱ፣ አራት ልጃገረዶች ሞቱ፣ ሦስቱ 14 ዓመት አንዷ 11። የዛን ቀን የሰንበት ትምህርታቸው ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር። በማግስቱ ቻርልስ ሞርጋን የሚባል ነጭ ጠበቃ፣ 33 ዓመቱ ነው፣ የከተማው ወጣት ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ቆመና ሰው ሁሉ ማነው ያደረገው እያለ ይጠይቃል፣ መልሱ ሁላችንም አደረግነው ነው አለ። ቦምቡን እሱ አላስቀመጠም። ማስፈራሪያ በዛበትና ከተማውን ለቆ ወጣ።

ፍንዳታው ከቤተክርስቲያኑ መስኮቶች አንዱን ሳይጥለው ቀርቶ ነበር፣ ባለቀለም መስታወት ነው፣ ክርስቶስ ያለበት፣ ከመስታወቱ ፊቱ ብቻ ወጥቶ ወድቆ ቀዳዳ ሆነ። ዌልስ የምትባል ትንሽ አገር፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ይሄን ሰምተው አንድ ጋዜጣ መዋጮ ጠራ፣ ጆን ፔትስ የሚባል ሠዓሊ መስታወቱን ሊሠራ ተነሳ። ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን፣ ከአንዲት የእንግሊዝ ሳንቲም፣ በላይ እንዳይሰጥ ተባለ፣ አንድ ሀብታም ብቻውን ከፍሎ እንዳይጨርሰው፣ የዌልስ ሕዝብ ስጦታ እንዲሆን ነው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከነሱ አብዛኞቹ አላባማን ረግጠው አያውቁም ይሆናል።

በ1965 ተተከለ። ከሞንትጎመሪ ስንመለስ ጓደኛዬን እዛ ወሰድኩት፣ ፊት ለፊቱ ቆመን ለረጅም ሰዓት አየነው። ክርስቶስ ጥቁር ነው፣ እጁን ዘርግቶ ተሰቅሏል፣ በአንድ እጁ ይገፋል፣ በአንዱ ይቀበላል፣ ከእግሩ ስር ደግሞ ከማቴዎስ 25 የተወሰደ አንድ አጭር ቃል ተጽፏል፣ ለእኔ አደረጋችሁት የሚለው። ጓደኛዬ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ወደ አማርኛ መለሰው፣ «አደረጋችሁት» አለና ትንሽ ቆይቶ «ብዙ ቁጥር ነው እኮ» አለኝ።