ሦስት ኪዩብ ሰብራችሁ «አረጋገጥን» አትበሉ

የምህንድስና ተማሪ የሆናችሁ የአገሬ ልጆች፣ ስሙኝ። ስታትስቲክስን በሲ አልፈው የሚገላገሉት ኮርስ አድርጋችሁ መቁጠራችሁን ተዉ። የአምናውን ፈተና ሸምድዳችሁ ታልፉና ደብተሩን ትጥላላችሁ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሰው የሚያድርበትን ቤት ኮንክሪት በፊርማችሁ ታሳልፋላችሁ።

ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ ምንድን ነው ስላችሁ «በተሞላ በ28 ቀኑ ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል የሚደርስ» ትሉኛላችሁ። መልሱ ጎደሎ ነው። 25 አማካይ አይደለም፤ ከዚያ በታች እንዲወርድ የሚፈቀደው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። አማካዩ 25 እንዲሆን ድብልቁን የነደፈ ሰው ግማሽ ያህሉን ኮንክሪት ገና ሳይሞላ ጥሎታል። የሳይቱ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን፣ 5 ሜጋፓስካል ከሆነ፣ 5ን ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ከታች በሚያስቀረው ቁጥር በ1.64 አባዝታችሁ 25 ላይ ደምሩ፤ ማለም ያለባችሁ ወደ 33 ነው። ይህ ስሌት ያለው እዚያው በናቃችሁት ኮርስ ውስጥ ነው።

የመመረቂያ ጥናታችሁ ደግሞ ይብሳል። ከሲሚንቶው ከፊሉን በቡና ገለፈት አመድ ትተካላችሁ፤ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ገለፈቱ በየመፈልፈያው ተከምሮ ነው የሚቀረው። ነገር ግን አመድ የሌለበትን ጠዋት፣ አመድ የገባበትን ከሰዓት ትደባልቃላችሁ። እስከዚያ አሸዋው ፀሐይ ሲመታው ውሏል። ልዩነቱን ያመጣው አመዱ ይሁን የአሸዋው እርጥበት በምን ትለዩታላችሁ? የመደባለቂያውን ተራ በዕጣ አውጡ፤ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ከአንድ ድብልቅ ሦስት ኪዩብ፣ ማለትም ጥንካሬው ተሰብሮ የሚለካ የኮንክሪት ናሙና፣ ሞልታችሁም «ሦስት ጊዜ ደገምነው» አትበሉ። የደገማችሁት መስበሩን ነው እንጂ መደባለቁን አይደለም። ውሃው በዝቶ ከሆነ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ፤ እርስ በርስ ስለተቀራረቡ ደግሞ ልክ ይመስሏችኋል።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ግራፉ እንዲያምር ብላችሁ ቁጥር መሰረዛችሁ ነው። ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር በጃንዋሪ 28፣ 1986 እ.ኤ.አ. ከመነሣቷ በፊት በነበረው ምሽት መሐንዲሶቹ ስለ ብርዱ ሰግተው አትነሣ ብለው ነበር። ማስረጃው ላይ ግን የማስወንጨፊያ ሮኬቶቹ የጎማ ማሸጊያ የተጎዳባቸው ቀደም ያሉ በረራዎች ብቻ ስለታዩ ከሙቀት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አልመሰለም። ያልተጎዳባቸውም ቢጨመሩ፣ እነዚያ በሙሉ ከ18 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ የተነሡ መሆናቸው ይታይ ነበር። መንኮራኩሯ ተነሣች፤ 7 ሰዎች አለቁ። የተተዉት ቁጥሮች «ምንም ያልሆኑት» ነበሩ።

እናንተም አማካሪዎች፣ ውጤቱ ተጽፎ ሲመጣ ኮማ ከማረም በፊት ገና ላብራቶሪው ሳይከፈት ጠይቋቸው፤ ስንት ጊዜ ትደባልቃላችሁ? በምን ተራ? ያፈነገጠ ቁጥር ቢመጣ ምን ልታደርጉት ነው? መልሱን በጽሑፍ ሳያመጡ ሲሚንቶ አታስነኳቸው።