ይድረስ ለክቡር የቅሬያችን (የቀብር ዕድራችን) የስም መዝገብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ቅጣቴን ከመክፈል በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ጸሐፊያችን ገጽዎን ገልጠው «በቀብር ያልተገኙ» ሲሉ ስሜ ቀድሞ ተነበበ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ሞት ለማን ይቀራል?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እርግጥ ነው፣ በቀብሩ ቀን ስሜ ሲጠራ ድንኳኑ ውስጥ አልነበርኩም። ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። የሟችን መቃብር ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ስቆፍር። የሐምሌን ጭቃ እርስዎ አያውቁትም፤ አንድ አካፋ ሲወጣ ሁለት ይንሸራተታል። ሌሊቱንም ድንኳን ስንተክል፣ አግዳሚ ስንሸከም ነው ያነጋነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ያመንኩት ግን ያን ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እግሬን ሲያደነዝዘው ነው። ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምንም ነው፤ የእርስዎ ቀብር የሚጀምረው ጧት፣ ጸሐፊው እስክሪብቶ ሲያወጡ ነው። ከጉድጓዱ ሆኜ «አቤት!» ብልስ? ከመቃብር የሚመጣ «አቤት» የሚጻፍበት ዓምድ የለዎትም።

«በተሳትፎ አንደኛ» የተባለውን ሰውዬ አጨብጭበንለታል። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ እውነት ነው። ሐዘኑ ስሙ ሲጠራ ይጀምርና «አቤት» ብሎ ሲጨርስ ያልቃል፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሙጋድ ሰፈር በኩል ይሰወራል። ራሱ ካልተመቸው ልጁን ይልካል። ብርድ ልብስ ተሸለመ። ብርድ ልብስ! ያን ሌሊት ውጭ ለቆመ ሰው ማን አሰበ?

ሴቶቹስ? ጓሮ ጭስ ሲጠጡ፣ ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን ተሸክመው ዳገት ሲወጡ የሚውሉትን እናቶች እስቲ ገጽህን ገልጠህ አሳየኝ። የሉም። ስሙ የባል ነዋ! ባልየው ካርታ እየተጫወተ «አቤት» ካለ ቤቱ ተገኘ ይባላል። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ድንኳኑን ሲደረምሰው የሟች እናት ከነሐዘናቸው በውሃ ሲበሰብሱ፣ መጀመሪያ የዳንከው አንተ ነህ፤ በፌስታል ተጠቅልለህ። ምሰሶውን በትከሻው ደግፎ የቆመውን ማን ጻፈው? ማንም! እስላም ክርስቲያኑ ተሸካክሞ በሚቀባበርበት ወሎ፣ ሸክሙን ትተህ አፉን ብቻ የምትቆጥር ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

የአክስትዎ ልጅ የሥልጠና መፈረሚያዋ ወረቀትም ሰላም ትበልዎ፤ አበል ያለበት ቀን ያልመጣው ሁሉ ፈርሞባት ያድራል።

100 ብሯን እከፍላለሁ። የቅሬው ዳኛችን «ሕግ ነው» ብለዋል፣ የእሳቸውን ቃል አላፈርስም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ሲቆርጡልኝ ምክንያት ከሚለው መስመር ላይ «መቃብር ሲቆፍር በቀብሩ ስላልተገኘ» ብለው ይጻፉልኝ። ማኅተሙም እንዳይረሳ።