ማስተካከያ፦ ስለ ኦሲዲ መድኃኒትና እርግዝና

ባለፈው ኦሲዲ (የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅና አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም) ይዟቸው ምጥ ስለሚፈሩ ሴቶች ስጽፍ «ሰርትራሊን (ለኦሲዲ የሚታዘዝ መድኃኒት) የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ታቁም» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የሕክምና መመሪያ፣ እርግዝና ብቻውን የአእምሮ ጤና መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። በድንገት ሲቆም ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ የባሰው ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽ መቻሉ ነው። እጇን ቆዳው እስኪሰነጠቅ የምትታጠብ፣ «ልጁ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም?» እያለች ሆዷን ስትዳብስ የምታነጋ ሴት ምጡን በምን አቅሟ ትጠብቀው? መድኃኒቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና የሚቀየር ካለ የሚወስነው ሐኪም ነው (እኔ አይደለሁም)። ጽሑፌን አንብባችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ለሐኪማችሁ ደውሉ። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።