የቅዳሜ ቀብር

የሥራ ባልደረባዬ ጋናዊ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስድስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ አብረን ገብተናል። ባለፈው ዓመት እናቱ አረፉ። ሲነግረኝ ደነገጥኩና ‹‹ምን ትሠራለህ ታዲያ እዚህ? ቀብሩ ሊያመልጥህ ነው እኮ!›› አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ‹‹ቀብሩ ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ነው›› አለኝ።

እኛ ጋ ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት ይቀበራል፤ ቢቆይ ቢቆይ በማግስቱ። አባቴ የተቀበረ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መርዶው የደረሰኝ በአራተኛው ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የአገር ሰው ኮሪደሩን ሞልቶ በሬን ሲያንኳኳ ነው። ስለዚህ ይሄ የሁለት ወር ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ፈቃድ ወሰድኩ። አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቄ፣ ከዚያ በአየር መንገዳችን አክራ ገባሁ።

የባልደረባዬ አገር ማምፖንግ ይባላል፤ ከአክራ በስተሰሜን፣ የአኳፔም ተራሮች ጫፍ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሽቅብ ሲወጡ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ እንጦጦ የወጣሁ መሰለኝ። የአኳፔም ሰው በትሕትናው ይታወቃል። ሌላው ጋናዊ ‹‹እነሱ ሲሳደቡ እንኳ መፓ ዎ ቸው ይላሉ›› እያለ ይቀልድባቸዋል። ‹‹እባክህን›› ማለት ነው። ‹‹እባክህን፣ ደደብ ነህ።›› የወሎ ሰው ቢሰማ ይወደው ነበር።

አክራ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የመንገድ ማሳለጫዎች አንዱ ቴቴ ኳርሺ ይባላል። ስሙ የሰው ነው፤ ሰውዬው ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ዛሬ ቢዮኮ ከምትባለው ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ዘር ይዞ መጣና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 እዚሁ ማምፖንግ ላይ ተከለ። ከእሱ በፊት ሚስዮናውያንም ሞክረው ነበር፤ የሱ ግን ያዘለት። እርሻው አሁንም አለ፤ ይጎበኛል። አንድ ፍሬ በቢላዋ ከፍለው አቀመሱኝ። ዘሩን የሸፈነው ነጭ ሥጋ ቁርጥ ጊሽጣ ነው! ቸኮሌት የሚባል ነገር አይሸትም። ዘሩ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ቀን ያህል ከተብላላ በኋላ፣ ቆጥ ላይ በተዘረጋ ምንጣፍ ፀሐይ ሲመታው ነው መሽተት የሚጀምረው። የሚያሰጡት ሽማግሌ ቸኮሌት ብዙም አያውቁትም። እኛ ቢያንስ ከቡናችን ግማሹን ያህል እዚያው አፍልተን እንጠጣለን።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ተራራው ጠባብ ነው፤ መሬት አይበቃም። ስለዚህ ከ1890ዎቹ ጀምሮ የነዚህ ከተሞች ገበሬዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ የዴንሱን ወንዝ እየተሻገሩ ጫካ ገዙ። በገመድ ለክተው ተካፈሉት። በ1911 አገሪቱ በካካዎ ከዓለም አንደኛ ወጣች። ያንን የሠራው የፈረንጅ ባለርስት አይደለም፤ ተሰዳጅ ገበሬ ነው። ነጋዴዎቹ ዋጋ ሲሰብሩበትም ከ1937 መጨረሻ እስከ 1938 ሚያዝያ ድረስ ‹‹አልሸጥም›› ብሎ ምርቱን ይዞ ቁጭ ያለ ገበሬ ነው።

ገንዘቡንስ ምን አደረጉት? ተራራው ላይ ቤት ሠሩበት። ፎቅ፣ በረንዳ ያለው። ራሳቸው የሚኖሩት ግን እርሻቸው ጋ ነው። ቤቱ መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚከፈተው ለቀብርና ለዓመት በዓል ነው። በዲያስፖራ ስም ቦታ ተመርተን፣ ቪላ ሠርተን፣ ዘበኛ የምናስቀምጥ እኛ ብቻ መስለን ነበር። እነሱ መቶ ዓመት ቀድመውናል።

ቋንቋቸውን ባላውቅም ብዙው ነገር አልጠፋኝም። ኖቦዋ የሚሉት ደቦ ነው። ሱሱ እቁብ ነው። ምርት ሲካፈሉ አቡሳ የሚሉት ሲሶ፣ አቡኑ ደግሞ የእኩል ነው፤ እኛ ጋ፣ በራሳችን አቆጣጠር በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመቅረቱ በፊት አያቶቻችን እንደሚያውቁት። ልዩነቱ በአቡሳ ሠራተኛው ሲሶውን ይዞ፣ ሁለቱ እጅ ለባለእርሻው መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ግድግዳው ሁሉ የእናትየው ፎቶ ያለበት ፖስተር ተለጥፎበታል። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቀይና ጥቁር የለበሰ ሕዝብ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለ። ገንዘብ ትሰጣለህ፣ ደረሰኝ ይቆረጥልሃል፣ ስምህና ብሩ በማይክራፎን ይነበባል። የኔም ተነበበ። ስሜን አበላሹት፤ ‹‹ኢትዮጵያ›› ሲባል ግን ተጨበጨበ። የሰፈሬ እድር ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የሚያነቡት የቀረውን ሰው ስም ነው፣ ለቅጣት።

ሁሉም ደስ ብሎኛል ማለት አይደለም። ‹‹ለቀብር ያወጣነውን ግማሹን ለሕክምና ብናወጣው ኖሮ›› የሚል ጋናዊ ብዙ ነው። እውነታቸውን ነው። ባልደረባዬም ብድር ወስዶ ነው የመጣው። ግን ሣጥኑ ሲወርድ አፈር መልሷል። እኔ አባቴ ላይ አፈር አልመለስኩም። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ያገኘሁት እብነ በረድ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሒሳብ አወራረደ። የገባው፣ የወጣው፣ የጎደለው ተነበበ። ጉድለቱ ለልጆቹ ተከፋፈለ፤ ትልቁ ለባልደረባዬ ደረሰው። አሜሪካ ነዋ!

ወደ አክራ ስንወርድ መኪና ውስጥ ሲነጫነጭ ‹‹ተው እንጂ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጠብቀውሃል እኮ›› አልኩት።

‹‹ጠብቀውኛል›› አለ። ‹‹የሬሳ ክፍሉን የሁለት ወር ኪራይ ለማን የሰጡ መሰለህ?››